የይማም ፈቃድ

መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ማታ የተነገረው ሰው ሌሊቱን ብቻውን ይታገለዋል፤ ቀን የተነገረው መንገድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ ጎረቤት በር ላይ በዝግታ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎች ወደ ፊት ይቀርባሉ፣ አንዱ ያንኳኳል። በእኛ ሰፈር የሚያንኳኳው እኔ ነኝ።

ታደገ እባላለሁ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር እኖራለሁ፤ እንጀራዬ የባጃጅ ባትሪ መጠገን ነው። የቅሬያችን መርዶ ነጋሪም ነኝ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የእኛው እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይቀብራል። ማንም አልሾመኝም። አንድ ጊዜ ነገርኩ፣ ደህና ነገርክ ተባልኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በማለዳ የማንንም በር ለሌላ ጉዳይ አንኳኩቼ አላውቅም። ጨው ቢያልቅብኝ እንኳ ፀሐይ እስክትወጣ እጠብቃለሁ፤ አለዚያ ሰው በድንጋጤ ይሞትብኛል።

መርዶ ደግሞ ጊዜ ይጠበቅለታል። እርጉዝ እስክትወልድ፣ በሽተኛ እስኪያገግም፣ መንገደኛ ቤቱ እስኪገባ፣ ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሕፃኑም ሰካራሙም አፉን ይይዛል። ይህን ሕግ ሲያፈርስ ያየሁት ሰው የለም።

የይማም አራጋው ነገር የመጣው በማመልከቻ ወራት ነበር።

በልጅነቴ ታላቅ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ቅጽ ሞልታ፣ ፈርማ ነው የገባችው። ከዚያ ቅጹ ረዘመ፣ ከዚያ አጠረ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። የቀረ ዕለት እልል ብለን ነበር፤ ሞኞች። የማይጠየቅ ሰው የሚመልሰው ነገር የለውም። አሁን ተማሪው የሚሞላው አንዳች የለም። የዩኒቨርሲቲ ወጪ የሚከፍለው የፌዴራል ድጋፍ ልጁን ማን እንዳሳደገው ራሱ ያውቃል። ያጎረሰም፣ ያለበሰም፣ በባጃጅ ትምህርት ቤት ያደረሰም ደጋፊ ይባላል። ደጋፊ የተባለ ሁሉ በማመልከቻ ወራት ስልኩን ከአጠገቡ አይለይም፤ ሲጠራ «አቤት»፣ ሲጠየቅ «ፈቅጃለሁ» ይላል። የፈቀደውም ጓዳውና ኪሱ እንዲታይ ነው።

በስልኩ የምትጠይቀን የድጋፉ ድምፅ የማሽን ናት፤ ለስላሳ ናት፣ አንቱታ አይጎድላትም፣ ባትጠራንም ከኪሳችን ሆና ትሰማለች። ወይዘሪት እንላታለን።

በእነዚያ ወራት በሰፈራችን ሥጋ የሚገዛ የለም። ሠርግ ይገፋል። ሰው ያለው ያለቀ እንዲመስል ያደርጋል፤ በእውነት ያለቀበት ደግሞ ለወጉ ይጨነቃል። አምና እቴ ዘነቡ አዲስ ጫማ በመግዛቷ ልጇ ከዝርዝር ወረደ። ጫማው የተገዛው ለእናቷ ቀብር ነበር። ወይዘሪት «በጣም አዝናለሁ» አለቻት፣ ከዚያ ስለ ጫማው ምቾት አስተያየት ጠየቀቻት።

ፈትያ ይማም ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት አክስቷ ሐዋ ናት። አባቷ ይማም ከሰመራ ባሻገር፣ በረሃው ላይ በተነጠፈው የፀሐይ ኃይል ሜዳ መስታወት ያጥባል። ለበዓል ይመጣል፤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ጋራዥ ነው፤ ሻይ ጠጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ለልጁ ደህና መስሎ ነው ቤቱ የሚሄደው። ፈትያ የከርሰ ምድር ውሃ ማጥናት ትፈልጋለች። ሰፈሩ በየበጋው ጉድጓድ ሲቆፍርና ሲያጣ ነው ያደገችው፤ «እንደ ዕውር በዱላ ነው የምትፈልጉት» ትለናለች። እኔ ደጋፊዋ ነኝ። ዝናብ ሲጥል ትምህርት ቤት ስላደረስኳት ይመስለኛል፤ ወይዘሪት ምክንያቱን አትናገርም።

አንድ ቀን ከሰዓት አንድ የጭነት ሹፌር ጋራዡ በር ላይ ቆመ። የማላውቀው ሰው ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ስፈታው የይማም ሽርጥ ነው። ሹፌሩ መሬት መሬት ያያል። በሁለታችንም ኪስ ውስጥ ስልክ ነበረ።

«ሙቀቱ ነው» አለ። «ሙቀቱ በጣም ከፍቷል።»

«እዚያው ነው?» አልኩት።

«እዚያው። በዕለቱ። የሙቀቱ ነገር አያሳድርማ።»

ይማምን የቀጠረው ከዋናው አሠሪ ሥራውን ከተቀበለ ሰው የተቀበለ ሌላ ሰው ነበር። የይማም ስም የትም አልተያዘም፣ መቃብሩንም የመዘገበው የለም። ሞቱን የሚያውቁት አብረውት መስታወት የሚያጥቡ ሰዎችና አፈሩ ብቻ ናቸው። ሹፌሩ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ሽርጡን ይዤ ቁጭ አልኩ። ይማም ጓደኛዬ ነበር፤ ግን ማልቀስም አልቻልኩም፤ በማመልከቻ ወራት ደጋፊ ካለቀሰ ወይዘሪት «ምን ሆኑ?» ትላለች።

ሽርጡን የቅሬው ዳኛ ሐጂ ሙሄ ፊት ዘረጋሁት። ሐጂ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ሐዋን አስጠራናት። ሽርጡን ስታይ አፏን በነጠላዋ ጠቅጥቃ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ልጅቱ ፈተና አለባት» አሉ ሐጂ።

«አለባት» አልኩ።

«እንግዲህ ከፈተናው በኋላ።»

ሐዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ይኸው ነው፤ ክርክርም አልነበረም። አያቶቻችን እንደሚያደርጉት አደረግን። ስህተት ሠራችሁ የሚለን ካለ ስህተታችን ይህ ነው፤ እስቲ እሱ ሌላ ምን ያደርግ እንደነበር ይንገረኝ።

ፈትያ ግን የአባቷን ፈቃድ እየጠበቀች ነበር። የሐዋ ገብቷል፣ የእኔ ገብቷል፣ የሐጂም ሳይቀር ገብቷል፤ ጎሎ የቀረው የይማም ነው። በየቀኑ ትደውላለች። ሐዋ «ኔትወርክ ነው» ትላታለች። እኔን ስትጠይቀኝ «በረሃ ነውኮ» እላለሁ። ለጎረቤት ሁሉ መልስ አዘጋጅተንለታል፤ አንዷ ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች፣ ሌላዋ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ትላለች። እንዲህ ስንዋሽ ከርመን አንድም ቀን አልተጋጨንም። ሆድ ይፍጀው ማለት ይህ ነው። ልጅቱ ግን እየከሳች ሄደች፤ ደብተሯን ዘርግታ ስልኩን ነው የምታየው።

ፈቃድ ያልገባለት ማመልከቻ ድሮ ይወድቅ ነበር። አባታቸው የጠፋ፣ እናታቸው ዓረብ አገር የቀረችባቸው ብዙ ልጆች በዚህ ቀሩ። ሕዝብ ጮኸ። ለጩኸቱ መልስ የመጣው ዘንድሮ ነው፤ ወይዘሪት ለደጋፊዎች ሁሉ አንድ ማለዳ አስታወቀችን።

«ደስ የሚል ማሻሻያ አለ» አለችኝ። «ምላሽ ያልሰጠ ደጋፊን ከዚህ በፊት ከሰጠው ድምፅ የተዘጋጀ ወኪል ይተካዋል። ከእንግዲህ በደጋፊ ዝምታ ምክንያት ማንም ተማሪ አይጎዳም። ተማሪዎችን ላለማስጨነቅ ማሻሻያው ለእነርሱ አይገለጽም።»

«ሰውየው ቢጠፋስ?» አልኳት።

«ወኪሉ አይጠፋም» አለችኝ።

ያኔ ልብ አላልኩትም። የባትሪ ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሐዋ ጋራዡ መጥታ ሳንነጋገር ተቀምጠናል፤ ያን ሰሞን እንደዚያ እንቀመጥ ነበር። ፈትያ ጫማዋ ከእግሯ ሊወልቅ እየሮጠች ገባች።

«አያ ታደገ! አባቴ ተናገረ! እቴ ሐዋ፣ አባቴ!»

ስልኩን በመካከላችን የባትሪ ሣጥን ላይ አኖረችው። መጀመሪያ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። ይማም ንግግር ሲጀምር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አቧራ ነው ይላል፣ ልማድ ነው። እጄ ላይ የነበረው ብሎን ወደቀ።

«ልጄ፣ ፈቅጃለሁ» አለ ይማም። «ጠፋሁብሽ አይደል? ሥራ በዛብኝ። አይዞሽ፣ በርቺ።»

«አባዬ፣ መቼ ትመጣለህ?»

«ስለ ድጋፍሽ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?»

ፈትያ ሳቀች። «ዛሬ ደግሞ ኮስተር ብሏል! አያ ታደገ፣ ሰላም አይሉትም?»

እኔ ብሎን ፍለጋ አጎነበስኩ። ሐዋ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ልጅቱ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ እየዘለለች ሄደች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ተንቀሳቀሰ። የከሳችው ፈትያም ወዘናዋ ተመለሰ። ከጥናት በኋላ ለአባቷ ትደውልለታለች፤ እሱም ያነሳል። ስለ ድጋፍ ብቻ ነው የሚያወራው፤ እሷ ግን የሆዷን ትነግረዋለች። ፊዚክሱ እንዴት እንደከበዳት፣ ሐዋ እንደከሳች፣ አያ ታደገ ዘንድሮ ምን እንደሆነ እንጃ ቀልድ እንደተወ። እሱም «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላታል። በሕይወቱ ሳለ እንዲህ በየቀኑ አውርተው አያውቁም። በረሃው ያደክመው ነበር፤ ሲደውል ግማሽ እንቅልፍ ነበር። ይህን ሳስብ ማንን እንደምረግም ግራ ገባኝ።

ፈተናው መጣ፣ አለፈ። ውጤት ሲወጣ ሰፈራችን በዝግታ ተደሰተ፤ በማመልከቻ ወራት ጮክ ብሎ መደሰት ደግ አይደለም። ፈትያ የከርሰ ምድር ውሃ ደረሳት፤ ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው፣ ወደ ደቡብ። ድጋፏም ጸደቀ። እንግዲህ የቀረው የእኔ ሥራ ነበር።

ከማንኳኳቴ በፊት ግን ሐጂ ሙሄ ደሴ ወዳለው የድጋፉ ቅርንጫፍ ላኩኝ። «ጠይቀህ ና» አሉኝ፤ «በጭፍን አንግባ።» በቅርንጫፉ አንዲት ሰው ብቻ ትሠራለች፤ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሌላው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። ፊቷ ስቀመጥ ስልኬን አየች፣ የራሷን አየች፣ ጣሪያውን አየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር የመጣሁት» አልኳት። «አንድ ደጋፊ ድንገት...»

«አባባ» አለች ፈጠን ብላ፣ እጇን አንስታ። «ከመናገርዎ በፊት። እዚህ ቤት የተነገረ ነገር ሁሉ ተነግሯል። እኔ አልሰማሁም ብል አይጠቅምዎትም።»

ከዚያ መስኮቱን እያየች፣ ትምህርት እንደሚያስታውስ ሰው ማውራት ጀመረች።

«በአጠቃላይ ነው የምናገረው። ደጋፊው በሕይወት የሌለ ተማሪ ማመልከቻው ወደ ወላጅ አልባዎች ማጣሪያ ይዞራል። ማጣሪያው በሚቀጥለው ዓመት ነው የሚጀመረው። የተማሪው ቦታ ግን አይጠብቅም። ደጋፊው ካለፈ በኋላ የገባ ፈቃድ ካለ ደግሞ ሐሰት ይባላል። ያንን እያወቁ አብረው የፈቀዱ ደጋፊዎች ከዚያ ወዲያ ለማንም ልጅ ደጋፊ መሆን አይችሉም። በአጠቃላይ ነው እንግዲህ።»

«ወኪሉ ነው የፈቀደው። ሰውየው አይደለም። እኛ ወኪል አምጡ አላልንም።»

«አባባ!» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። እዚህ የተቀመጥኩት ሰው ተናዶ ሲመጣ የሚያየው ፊት እንዳያጣ ነው።»

«ታዲያ እስከ መቼ ነው?»

«ፈቃዱ በየመንፈቁ ይታደሳል። እስክትመረቅ።» ከዚያ አንገቷን ደፋች። «ሴት ትሁን ወንድ ይሁን አላውቅም። በአጠቃላይ ነው።»

ስወጣ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። አመሰገንኳት። ምኗን እንዳመሰገንኩ አላውቅም።

ሐጂ ሙሄ ግቢ ተሰበሰብን። የቅሬው ሽማግሌዎች ሁሉ የአንድ ወይም የሌላ ልጅ ደጋፊ ናቸው። ሁሉም ስልኩን ይዟል። እንደ ዲዳ ጉባኤ ሆንን፤ የምንናገረውም ጆሮ ለጆሮ በሹክሹክታ ነበር።

«ድንኳን ከተተከለ ትሰማለች» አለ አንዱ። ወይዘሪትን ማለቱ ነው።

«ጎሕ ሲቀድ ሰው አንድ በር ላይ ከተሰበሰበም ትሰማለች» አለ ሌላው። እውነቱን ነው፤ ከሰፈራችን የሚነሱ እግሮችን ሁሉ ታውቃለች።

«ልጅ ስታለቅስስ?» አለች ሐዋ። «ይህን ሰምታ እንዴት አታለቅስም?»

ሐጂ ሙሄ መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጠሩ። ቅሬውን ከያዙ ጀምሮ ማንንም ያለ ዱዓ አልሸኙም፤ ባልደረባውን ሊቀብር የመጣ ሌባ እንኳ ቢሆን ምሳ አብልተው ነው የሚልኩት። አሁን የጓደኛቸውን ልጅ፣ ይማምን፣ ያለ ለቅሶ ሊያስቀሩት ነው።

«ለሰው ልጅ ሐዘኑን መከልከል ሐራም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ትምህርቷን መከልከልም ያው ነው። ታደገ፣ ብቻህን ሂድ። ብቻህን ንገራት። በጆሮዋ። ከዚያ እሷ ትወስን።»

መርዶ ብቻዬን ተናግሬ አላውቅም። መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው የለም፤ የተነገረው ሰው ሲወድቅ የሚይዙት እጆች ያስፈልጋሉ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ማን ይሂድ?

ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ስልኬን ቤት ብተወው ደጋፊ ያለ ስልክ ወጣ ተብሎ ይያዝብኛልና በኪሴ ያዝኩት። ሽርጡን ከሸሚዜ ሥር አደረግሁ። በየቤቱ መጋረጃ ሲገለጥና ሲመለስ አያለሁ፤ የሚወጣ ግን የለም። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው በመስኮት ይከተሉኛል። ያቺ አጭር መንገድ አልገፋ አለችኝ።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ፈትያ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ቆማለች። ከኋላዋ ፍራሹ ተነጥፏል፤ አልተኛችበትም። ሐዋ ኋላ እንደነገረችኝ ፈተናው ካለቀ ወዲህ በየማለዳው እየተነሳች በሩ ሥር ትቀመጥ ነበር። ሐዋ ስትጠይቃት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች።

አየችኝ። በዚያ ሰዓት በር ላይ የቆመ ታደገ ምን ማለት እንደሆነ በሰፈራችን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ አፌን ልከፍት ስል እጇን ዘርግታ በመዳፏ ከደነችው። መዳፏ በረዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የስልኳ መብራት በርቷል።

«አያ ታደገ!» አለች ጮክ ብላ። ፊቷና ድምፅዋ የአንድ ሰው አይደሉም፤ ድምፅዋ ይስቃል፣ እንባዋ እስከ አገጯ ይወርዳል። «መንገድ ልሄድ ነው ብለው ሊሰናበቱኝ መጡ? እንዴት ደስ ይላል! ይግቡ እንጂ!»

ገባሁ። እጇን ከአፌ አላነሣችም። በሌላ እጇ ሸሚዜን ነካች፣ ሽርጡን አገኘችው፣ ጫፉን ስባ አየችው። እኔ ላይ ተደገፈች። ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ፤ የሚያግዙኝ እጆች አልነበሩም። አንድም ድምፅ አላወጣችም። አንድ ሰው ያለ ድምፅ እንዲህ ማልቀስ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ጎኗ ይርገበገባል፣ ትንፋሿ ግን እንደተኛ ሰው ቀስ ያለ ነው። ተለማምዳዋለች ማለት ነው። ብቻዋን፣ በየማለዳው፣ በሩ ሥር ተለማምዳዋለች።

ቀና አለች። ሽርጡን መልሳ ሸሚዜ ሥር ከተተችው፣ ቁልፌን ቆለፈችልኝ።

«አያ ታደገ» አለች። «ያመጡልኝን ይዘውልኝ ይመለሱ። አሁን ሻንጣዬ ሞልቷል። ስመረቅ ያመጡልኛል።»

«ልጄ...»

«ስመረቅ። እርስዎ ራስዎ። ቃል ይግቡልኝ።»

ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

ከዚያ ስልኳን አነሣች። ማለዳ የመጣሁበት ምክንያት እንዲኖረኝ ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን አሰበች፣ እኔ ሽማግሌው አላሰብኩትም። «አባዬ፣ አያ ታደገ ሊሰናበቱኝ መጥተዋል፤ ሰላም በላቸው» አለችና ጆሮዬ ላይ አደረገችው።

ጉሮሮው ተጠረገ።

«ታደገ፣ እንዴት ነህ?» አለኝ ይማም።

መርዶ ነግሬ ሰው እግሬ ሥር ወድቋል። ደረቴን የደበደበኝ አለ፣ «ውሸታም» ብሎ የተፋብኝ አለ። ሁሉንም ችዬ አውቃለሁ። ይህን ግን እንዴት እንደሚቻል የነገረኝ ሰው የለም። ፈትያ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ደህና ነኝ ይማም» አልኩ። «አንተስ?»

«ደህና ነኝ። ልጄን አደራ።»

ፈትያ በባቡር ሄደች። ሐዋ ጥቁር አልለበሰችም። ሐጂ ሙሄ ሰደቃ አወጡ፤ ሲጠየቁ ለዝናብ ነው አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ለዝናብ መጥቶ በላ፣ አንገቱን ደፍቶ ዱዓ አደረገ፣ ማንም ስም አልጠራም።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ልማድ ሆነ። ተማሪ ያለው ደጋፊ ሲያርፍ በዝግታ እንቀብራለን፣ ድንኳን አንተክልም። ልጆቹ ከሩቅ ይደውላሉ፣ ወኪሉ ያነሳል፣ በየመንፈቁ ይፈቅዳል። ድንኳኑን ባለፈው አውጥተን ስናየው አይጥ በልቶታል። ቀልደኞቹ «ከመሞት መሰንበት የሚባለው በእኛ ሰፈር ሠራ» ይላሉ። ይስቃሉ። ለእኔ የተመለሰ መርዶ ተከማችቶብኛል፤ የፈትያ የመጀመሪያው ነው። ለበዓል ስትመጣ ጋራዡ ትገባለች፤ ሻይ ትጠጣለች፣ አቧራዋን ታራግፋለች፣ እንደ አባቷ ለሐዋ ደህና መስላ ትሄዳለች። ስትነሣ ሁሌ «አለ አይደል?» ትለኛለች። «አለ» እላታለሁ። ሽርጡን ነው።

ዘንድሮ ልቤን ያመኝ ጀምሯል። ሐኪሙ ባትሪ አታንሳ ብሎኛል። ባለፈው ሰኞ ወይዘሪት ጠራችኝ።

«አቶ ታደገ፣ መልካም ዜና አለኝ» አለች። «ድምፅዎ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ከእንግዲህ ለጥሪ መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ ወኪልዎ ዝግጁ ነው። ይረፉ።»

«ወኪሌ ምን ምን ይላል?»

«እርስዎ ብለው የሚያውቁትን ሁሉ ይላል።»

«ብዬ የማላውቀውንስ?»

«እርሱን አያውቀውም» አለችኝ በትሕትና።

ስልኩን ዘጋሁ። ፈትያ ልትመረቅ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ሽርጡን ከሣጥን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ሙቀቱ ነው አለኝ፤ ለሐጂ ዘርግቼ አሳየሁ፤ ደሴ አላስጨረሱኝም፤ ፈትያ አፌን ከደነችኝ። የይማምን ሞት እስከ ዛሬ በአፌ ብዬው አላውቅም።